ፊቱን ወደ ድንኳኑ ያዞረ አውሮፕላን

ሞጣ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 9፣ ማታ

ድንኳኔ ተተከለ። ወንበሮቹም ከቢቸና ደረሱ። ነገ የአንበጣ መርጫው አውሮፕላን እንግዶች እያዩት ይነሳል። እኔም ከካፒቴኑ ኋላ እቀመጣለሁ። እህል ልገዛ ያልዞርኩበት ቀበሌ የለም፤ አንበጣው ያረፈበትን ጤፍ ከላይ ሆኜ አሳየዋለሁ። ልጆቼ አላመኑም። አንተም ደብተሬ አታምን ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰ.

አስጠላኝ። ሁሉም።

12 ሰ. ላይ ተቀመጥን። ካፒ. ሞተሩን ያስነሳል። ዓይኑ ከሁለት የመለኪያ መርፌ አይነቀልም፤ አንዱ የሞተሩ ዙር፣ አንዱ ሙቀቱ። ነዳጁ ሲቀጣጠል የሙቀቱ ዘሎ ወደ ቀዩ ሄደ። የዙሩ ይንፏቀቃል። ነዳጁን ዘጋው። ጸጥ። ቀዩን ካለፈ ሞተሩ ከውስጥ ይቃጠላል አለኝ። የምሥራቁ ነፋስ ከኋላ እየገፋ የሞተሩን ትኩስ ትንፋሽ ይመልስበታል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከድንኳኑ ወደ ነፋሱ ማዞር ብቻ ነው።

ሰዎች ሊገፉ ተጠጉ። የዝግጅቱ ኃላፊ ከረባቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ለክቡር እንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ!"

አውሮፕላን እኮ ነው! የአገር ሽማግሌዎቹም ነውር ነው አሉ። ገፊዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። እንዲሁ ይሞክር ተባለ፤ ካፒ. እምቢ። ወንበር ላይ ካሉት እንግዶች አንዱ፣ "አብራሪ ብንላቸው ፈሪ ላኩልን" ብሎ አሳቀ። ካፒ. ክንፉ ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

ያው ቀን፣ 9 ሰ.

ፀሐይ ሲሞቅ አንበጣው ተነሳ። የገበሬውን የአያ ሞላን ጤፍ ጨርሶ የወንድሙ ማሳ ላይ ሰፈረ። አያ ሞላ ባዶ አገዳ ይዞ መጣ። "ሰይድ፣ ድንኳኑ ያንተ ነው አሉኝ። ጥላው ደግ ነው።" ውስጥ ምሳ ይበላል። የጥብሱ ሽታ ውጭ ድረስ ይመጣል።

ለኃላፊው ድንኳኑን ወደ ምሥራቅ እናሻግረው አልኩት፤ አውሮፕላኑ ፊቱን ለነፋሱም ለእንግዳውም ይሰጣል። ምንጣፉ በዚህ በኩል ተነጥፏል አለኝ። ምንጣፍ! እንግዶቹ አድረው ነገም ያያሉ። ምን ሊያዩ?

ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል

አንበጣው የወንድምየው ማሳ ላይ አድሯል። እስኪሞቅ አይነሳም። ነፋሱ ያው ከምሥራቅ። ኃላፊው ሆቴል ተኝቷል፤ ብቀሰቅሰው ስብሰባ ይጠራል። ካፒ.ን ቀስቅሻለሁ። አያ ሞላና ወንድሙ መዶሻ ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። ምንጣፉ እዚያው ይቅር፣ የፈለገ ይሂድበት። ድንኳኑ የኔ፣ ካስማውም የኔ። ነቅዬ ምሥራቅ ልተክለው ነው።