አራት ማርሽ ወደ ኋላ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ወንድማችንን ከቀበርን ወዲህ እኛ ደህና ነን።

ቅዳሜ ከአባባ ጋር የወንድማችንን መኪና፣ ያችን ከፍ ያስደረጋትን ባለ ትልልቅ ጎማ፣ የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞረውን አክስል ቀየርንላት። በክሪክ አንስተን አሮጌውን አወረድን፤ ሌላውን ከባሌስትራው ጋር አሰርን። አባባ ገብተው አንደኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ሰጡ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን የልብስ ማስጫ ገመድ ከነልብሱ በጠሰችው። ሁለተኛ ሲያስገቡ ባሰባት። ለካ አክስሉን ገልብጠን ነው የገጠምነው፤ ወደ ፊት የሚወስደው ማርሽ ሁሉ ጎማውን ወደ ኋላ ያዞራል። «ይሄ ነው ላዩ» ያሉት አባባ ናቸው።

ልብስ ሰፊዋ «ሠላሳ ዓመት መካኒክ ሆነው!» አለቻቸው። «በዚህች ስትሄዱ የመጣችሁ እየመሰለን በር ልንከፍት ነው።»

አባባም ሳቁ። መልሰን ስንፈታ ግን በወንድማችን ስም ጠርተውኝ «አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው። ሰኞ ደብተሬን ይዤ ስወጣም «ታናሽህ የት ሄደ?» ብለው ስለ ራሴው ጠየቁኝ። «ትምህርት ቤት ነው» አልኳቸው፤ ውሸትም አይደለም።

ስለ እኛ ብዙ አታስቢ። የእረፍት ፈቃድ መቼ እንደሚሰጡሽ ብቻ ጻፊልኝ። የመጣሽ ቀን ደግሞ፣ ገና ከበር ሳለሽ ስምሽን ንገሪያቸው።

እስክንገናኝ በጤና ያቆይሽ።
ታናሽ ወንድምሽ