የሰባት ቁጥር ማሰሪያ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አለን፣ ላሞቹም አሉ።

የላክሃቸው የአንገት ማሰሪያዎች በደንብ ይሠራሉ። የትኛዋ እንዳመነዠከች፣ የትኛዋ ተኝታ እንደዋለች ስልኬ ይነግረኛል። አባባ መጀመሪያ ሰሞን «ላም አይቶ የማያውቅ ሰው የሠራው ነው» እያለ ይስቅ ነበር። አሁን ወደ በረት መውረድ ትቷል።

ሰባት ቁጥርን ባለፈው ወር ሸጥናት። ማሰሪያዋ ግን ሥራ አልፈታም፤ አባባ ከላዩ የማያወልቀው ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እሱ አያውቅም። ላሞቹን ሳልብ ስልኬን አየት አደርጋለሁ። ሰኞ አርባ እርምጃ፣ ትናንት አሥራ አንድ።

ማሰሪያው የሚልከው መልእክት ለአንተም እንደሚደርስህ አውቃለሁ። «ሰባት ቁጥር አልተነሳችም» ካለህ፣ ተሸጣለች ብለህ አትለፈው።

በል ደህና ሁንልኝ። አባባም ሰላም ይልህ ነበር፤ ልቀሰቅሰው ስላልፈለግሁ ነው።

እህትህ