ጥሩንባ ሲነፋ የማይወሰድ ወንበር
የወ/ሮ ሸዋአየሁ ተካ የሕይወት ታሪክ (1950–2018 ዓ.ም.)

“ሕፃን ልጅ ቤቱ ሆኖ አይጫወትም ወይ? ለጨዋታው መንግሥት ለምን ይከፍላል?”

ይህ ጥያቄ ለወ/ሮ ሸዋአየሁ ተካ የቀረበላቸው በ2009 ዓ.ም. በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነበር። ተነሥተው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ነገር ግን መልስ አጥተው ተቀመጡ። ዛሬ የምንሸኛቸው እኚህ እናት መልሱን እስኪያገኙ ብዙ ዓመት ወስዶባቸዋል።

ወ/ሮ ሸዋአየሁ ከአባታቸው ከአቶ ተካ በርጋና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጀማነሽ ነጋሽ በጉራጌ፣ እምድብር አካባቢ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ካዛንቺስ አሳደጓቸው፤ ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በዚያው ተከታተሉ።

በ1973 ዓ.ም. አጭር ሥልጠና ወስደው በቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ገብረሚካኤል መድሃኔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አንድ ልጃቸውን ሃብተአብን ወልደው በፍቅር አሳድገዋል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የመዋዕለ ሕፃናቱ ደመወዝ ተቋረጠ፤ ግቢውም ለሌላ አገልግሎት ዋለ። ልጆቹ ግን በማግሥቱም መጡ። እናቶቻቸው ቤት ለቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ በየቢሮው የሚያጸዱ ነበሩና ልጆቹን የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ወ/ሮ ሸዋአየሁ ልጆቹን ከተዘጋው በር ላይ ሰብስበው ወደ እድሩ አዳራሽ ወሰዷቸው። እድርተኛው ተነጋገረና ፈቀደ። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሲሞት አዳራሹም ወንበሩም ለሐዘንተኛው ይሰጣል፣ ልጆቹም ሐዘኑ እስኪያበቃ ቤታቸው ይቆያሉ።

እንዲህ ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሠራ። ከግድግዳው በአንዱ በኩል የእድሩ ድስትና የተጠቀለለ ድንኳን፣ በሌላው በኩል ፊደል ገበታ ነበር። የእድሩ ለፋፊ አባባ ኦልጅራ ጥሩንባ ሲነፉ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ይነሣሉ፤ አግዳሚውን በሁለቱም ጫፍ ይዘው ወደ በሩ ይገፉታል። ከቁጥርና ከፊደል በፊት የለመዱት ይህንን ነበር። የባለቤታቸው ጋራዥ ወጣቶች በሩ ተዘግቶ ባዩ ቁጥር “እትዬ ሸዋዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው እረፍት ያገኙት?” ብለው ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም “አንተ የሞትክ መስሎኝ ነበር የዘጋሁት፤ ለካ አለህ!” ይሏቸው ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ።

ባለቤታቸው አቶ ገብረሚካኤል በ2001 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ወንበሮቹ ወደ ራሳቸው ደጅ መጡ። ልጆቹን የሚተዉበት ያጡ እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ለቅሶ መጡ። ልጆቹ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው በለቀስተኛው መሐል እያንዳንዳቸው በአዳራሹ የሚቀመጡበትን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ወ/ሮ ሸዋአየሁ በሐዘናቸው መካከል ይህን አይተው እንደነበር ኋላ ይናገሩ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ ራሄል ከአገር ቤት መጥታ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠች። ባምቢስ አካባቢ በቢሮ ጽዳት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ማንበብ ስለማትችል የበሩን ጽሑፍ ሁሉ ሰው እየጠየቀች ነበር የምትገባው። ወ/ሮ ሸዋአየሁ ሕፃናቱን ከሸኙ በኋላ በዚያው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሯት። ስትሳሳት አይቆጡም ነበር። “ቀስ በይ፤ ፊደሉ የትም አይሄድም” ይሏት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በሰፈሩ ሰው ሞቶ አዳራሹ በተዘጋበት ሰሞን፣ የራሄል የሥራ ባልደረባ ሰገን ብትቀር ከሥራ ስለምትባረር አዳራሹ የምትውለውን ልጇን አርያምን ቤት ቆልፋባት ሄደች። ሕፃኗ ብቻዋን ስትጫወት ቡታጋዙ ላይ የነበረው የፈላ ውኃ ተደፋባት። ሕይወቷ ተረፈ፤ እጇ ግን እስከ ዛሬ ጠባሳ አለበት። ሰገንን ያልወቀሰ ሰው አልነበረም። ወ/ሮ ሸዋአየሁ ብቻ “እሷን ተዉአት፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ” አሉ። የዘጋባቸው የእድሩ ደንብ ነው ብንላቸውም አልተጽናኑም።

ወደ ስብሰባው የሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። ለትንንሽ ልጆች መንግሥት ክፍል ይስጥ፣ አስተማሪም ይቅጠር ብለው ጠየቁ። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያለው ጥያቄ የቀረበላቸውም ያኔ ነው። ጠያቂው ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ውኃውም መንገዱም ጤና ጣቢያውም ገንዘብ ይፈልግ ነበር። ወ/ሮ ሸዋአየሁም ይህን ስለሚያውቁ አልተናደዱም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የልጆቹን ኩባያ ሲያጥቡ ጥያቄውን ለራሳቸው እየደጋገሙ ይጠይቁት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲነሣ አዳራሹ አብሮ ፈረሰ። እድርተኛው ተበተነ፤ አብዛኛው ጎረቤት ከከተማው ዳር ቤት ተሰጥቶት ሄደ። ልጃቸው ሃብተአብም ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ሊሄድ ሲነሣ “እማዬ፣ ከእኛ ጋር ነይ። እዚህ ምን ቀረሽ?” አላቸው።

“ልጆቹ ቀርተዋል” አሉት።

ከላንቻና ከቡልጋሪያ በኩል ያሉት ጥቂት ልጆች ቤታቸው አልተነካም ነበርና እውነታቸውን ነበር። ላንቻ በሚገኘው የራሄል ኪራይ ቤት ገብተው በግቢው ውስጥ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከልጆቹም አንዱ የራሄል ልጅ ኤልዳድ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ፊታቸው ያብጥ፣ ቶሎም ይደክማቸው ጀመር።

አቅራቢያ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለትንንሽ ልጆች ክፍል ተከፍቶ፣ ምግብም ጭምር እየተሰጠ ነበር። ልጆቹን እዚያ ለማስገባት ሲነሡ ራሄል እጅግ ፈራች። እናት ናትና ሌሊትም አትተኛም ነበር። “አክስቴ፣ መንግሥት ዛሬ ከፍሎ ነገ ቢያቋርጠውስ? በእርስዎ ላይ አልደረሰም ወይ?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“ደርሷል። ግን መንግሥት ሲያቋርጥ ሄደሽ ትጠይቂዋለሽ። እኔ ስቋረጥ ማንን ትጠይቂያለሽ?” አሏት።

ከዚያም ልጆቹ በዚያ ክፍል እንዲመዘገቡ ለመጠየቅ በነሐሴ ወር በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እንደገና ቆሙ። ሰዎቹ ሌሎች ነበሩ፤ የቀድሞውን ጥያቄ የሚያስታውሰውም የለም። እሳቸው ግን መልሱንም ይዘው ነበር የሄዱት። እንዲህ አሉ፦

“አንድ ጊዜ ለሕፃን ጨዋታ መንግሥት ለምን ይከፍላል ተብዬ መልስ አጥቼ ነበር። የእኔ ልጆች የሚቀመጡት በለቅሶ ወንበር ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ወንበሩ ይሄዳል፣ እነሱም ይበተናሉ። እድሩ ምንም አላጠፋም፤ ወንበሩ የተገዛው ለዚያ ነው። ነገ ደግሞ የምሞተው እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት የማይወሰድ ወንበር ስጧቸው። ከጎረቤት ደግነት ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ጎረቤቱ ሲሞት ይወድቃል።”

ከኋላ የሳቁ ነበሩ።

ልጆቹ ተመዘገቡ። ለወ/ሮ ሸዋአየሁ ግን ቦታ አልነበረም፤ የወሰዱት ሥልጠና አሁን አይበቃም ተባሉ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዘው በር ድረስ ወስደው ለመምህርቷ አስረከቡ። ሲመለሱ ራሄል ልትደግፋቸው ብትል እጃቸውን ሰበሰቡ። ባዶ እጃቸውን ይዘው ላንቻ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

በመጀመሪያው ሳምንት አባባ ኦልጅራ በዚያ ሰፈር ለቀረ አንድ እድርተኛ ሞት ጥሩንባ እየነፉ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አለፉ። የእኛ ልጆች ተነሡ፤ አዳዲሶቹን ትንንሽ ወንበሮች ተሸክመው ወደ በሩ ሄዱ። መምህርቷ ደንግጣ “ወዴት ነው?” ብትል ኤልዳድ “ሰው ሞቷል፤ ወንበር ይፈለጋል” አላት። ወ/ሮ ሸዋአየሁ ይህ ሲነገራቸው በጣም ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅም እንባቸው ቀደማቸው። በማግሥቱ በሕመም ላይ ሆነው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ከልጆቹ ፊት ቆሙና “ከእንግዲህ ጥሩንባ ሲነፋ ቁጭ በሉ። ይህ ወንበር የእናንተ ነው” ብለው አስተማሯቸው። የመጨረሻ ትምህርታቸው ይህ ሆነ።

የኩላሊት ሕመማቸው ጠንቶ ሆስፒታል ገብተው ሲረዱ ቆዩ። ጾመ ነቢያት በገባበት ዕለት፣ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን ልጃቸው ሃብተአብ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የወንድማቸው ልጅ ራሄል፣ ከየዳርቻው የተሰበሰቡ እድርተኞችና ያሳደጓቸው ልጆች በተገኙበት ይፈጸማል። አርያምም መጥታለች።

እግዚአብሔር አምላክ የሰውን ልጅ ሁሉ ሲሰበስቡ የኖሩትን እኚህን እናት በቅዱሳኑ መካከል ይሰብስብልን። በር ላይ ቆሞ ለቀረ ሕፃን ሁሉ በር እንደ ከፈቱ፣ የመንግሥቱን በር ይክፈትላቸው። እኛንም ያጽናን።

ትላንት ማክሰኞ ጠዋት አባባ ኦልጅራ የእሳቸውን ሞት ሊለፍፉ በዚያው አጥር ሥር አለፉ። ከክፍሉ የሚሰማው ጥሩንባው ብቻ ነው፤ የሟች ስም አይሰማም። ለኤልዳድ ገና አልተነገረውም ነበር። መምህርቷ እንደነገረችን፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ በሩን አየ፤ ከዚያ ቁጭ እንዳለ ፊደሉን ማየት ቀጠለ።

ወ/ሮ ሸዋአየሁ ሄደዋል። ልጆቹ ከነወንበራቸው ቀርተዋል።