ስም የሌለበት ርዕስ

ኅዳር 4 ቀን 1999፣ ሰኞ
ዛሬም ርዕስ ስሰርዝ ዋልኩ፣ ደብተሬ። የምመራው የክርክር ክበብ ተማሪዎች «ትዳር ይሻላል ወይስ ትምህርት» ብለው አመጡ። ጣልኩት። ለማን? መቼ? ወሳኙ ማነው? ይህ ካልተለየ ክርክሩ የጨረባ ተዝካር ይሆናል። ድፍንፍን ያለ ነገር አልወድም።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ
በዕረፍት ሰዓት ዘሃራ መጣች። ከተከራካሪዎቼ አንደኛዋ፣ አስረኛ ክፍል። አባቷ አያ ሰይድ ለጨፋ ሮቢት ነጋዴ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ማሽላው እንደታጨደ ሰርግ፤ ፈተና የለ፣ ምን የለ። ለማንም እንዳልናገር አደራ አለችኝ። አዘንኩ። ከዚያ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ርዕስ አገኘሁ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ
«አስረኛ ክፍል የምትማር ልጁን ማሽላ እንደታጨደ ለጨፋ ነጋዴ ለመዳር ቃል የገባ አባት፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ ሰርጉን ማራዘም አለበት።» ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ጥርት ያለ። ስም የለበትም። በዚህ አገር ከአጨዳ በኋላ የማይድር ማን አለ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ኮርቻለሁም።

ኅዳር 8፣ ዓርብ
ዘሃራ ርዕሱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ምንም አላለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት
የወላጆች ቀን። የት/ቤቱ አዳራሽ ሙሉ። አያ ሰይድ ሁለተኛው ረድፍ። ርዕሱን ራሴ አነበብኩ። አንድ ሰው ዞሮ አያቸው። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ከሚሴ ውስጥ ማን ልጁን ለማን እንደሰጠ ለማወቅ ስም አያስፈልግም፤ ይህን ሦስት ዓመት ኖሬ አላወቅኩም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ዘሃራ ተከተለች። ተቃዋሚው ቡድን በፎርፌ አሸነፈ።

ኅዳር 11፣ ሰኞ
ዘሃራ ቀረች። አባቷን ጠዋት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አልኩ በኦሮምኛ። አልመለሱልኝም።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ
የሰፈሩ አበጋር ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ፤ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ያማልዱኝ ብዬ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ነገሩኝ። አያ ሰይድ ከወላጆች ቀን በፊት መጥተው ነበር። ልጅቷ ፈተናዋን እስክትፈተን ሰርጉ እንዲራዘም ወደ ነጋዴው ሽማግሌ ሊልኩ አስበው ነበር። አሁን ቢያራዝሙ አስተማሪ በአደባባይ ረታው ይባላሉ። አይሞክሩትም።

«ልጄ፣ እኛ ለእርቅ ተቀምጠን በዱዓ ነገር ስንከፍት በሩቅ አገር ሰው አስመስለን ነው የምናነሳው» አሉኝ። «ባለጉዳዩ ራሱን አይቶ በራሱ እግር እንዲመለስ።»

ሊመለሱ ነበር እኮ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ባጃጆቹ ተሳፋሪ መስያቸው እየቆሙልኝ።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ
ሰርጉ እሑድ ነው። የዘሃራ ጓደኛ እንደነገረችኝ አባቷ አያናግሯትም። ገመናዬን ት/ቤት አውጥታ አዋረደችኝ ብለዋል፤ አልመርቃትም ብለዋል። እሷ በእኔ አላሳበበችም።

ትምህርቱ ቀርቷል፣ ያንን አልመልሰውም። ያለ አባት ምርቃት ከቤት መውጣት ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል ነገር ነው። ነገ ጠዋት አያ ሰይድ ደጅ እሄዳለሁ። ልጅቷ አደራ እንዳለችኝ፣ አደራዋን የበላሁት እኔ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ። ካባረሩኝ ዓርብም እሄዳለሁ። ቅዳሜም።