የእናትሽ ንቅሳት

የኔአለም ጓዴ፣

አምበር ከተማ መጥቼ፣ እናትሽ ደጅ ቁጭ ብዬ ነው ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልሽ። ልጆች ሳለን አገጫችንን ይዘው ፊታችንን የሚያጥቡን እዚሁ ነበር፤ ያኔ መስታወት ማን ያያል! ቅዳሜ ፀጉር ቤት የአገጭሽን ስብ የሚያቀልጥ መርፌ ልትወጊ መሆኑን አምልጦኝ ስነግራቸው፣ ነጠላቸውን ገልጠው የአንገታቸውን ንቅሳት አሳዩኝ።

«ይኸን ገበያ ላይ ስነቀስ አብጦ ምራቅ እንኳ አላስውጥ ብሎኝ ነበር። የምትወጋት ሐኪም ናት?» አሉ።

እኛ አዲስ አበባ ያን ሁሉ ስናወራ ይህን አልጠየቅንም። ነርቭ ከነካ እኮ ፈገግታ ያጣምማል! ሐኪም ሳያይሽ እንዳትወጊ።

ካርዱ ሞላ። ለባልሽ ለምናለ ሰላም በይልኝ። እናትሽ ይኸው እንደ ድሮው አገጬን ይዘው «የእሷ አገጭ ነው እጅ የሚሞላው» ይላሉ።

አይናዲስ