ሳይነበብ የቀረው ማስታወቂያ

ግንቦት 20 ቀን 1962፣ ሐሙስ

አለፍኩ! ፈተናውን አለፍኩ! የአውራጃው መዝገብ ቤት ጸሐፊ... እኔ! ከአራት ተፈታኞች አንደኛ። ዋና ጸሐፊው አቶ ኃይለመለኮት፣ "ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ሰኞ ዋስ ይዘው ይምጡ" አሉኝ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያቆምኩ ነገርኩ። የማላውቀውን ሰውዬ ሳይቀር።

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት፣ ስንት ማመልከቻ ጻፍኩ? ከጓደኛዬ ከትርፊት ጋር ጊምቢቹ ድረስ በእግራችን ሄደን፣ "ቦታ የለም" ተብለን፣ በእግራችን ተመለስን።

አራት ተፈታኝ ብቻ። ለምን አራት ብቻ?... ዛሬ አልጽፈውም።

ግንቦት 21፣ ዓርብ

ዋስ የሚሆነው ደመወዝተኛ ነው። የማውቀው ደመወዝተኛ አንድ፣ የትርፊት ባል መምህር ጴጥሮስ። ሄድኩ። ትርፊት እልልታዋን አቀለጠችው። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ግን ማስታወቂያው መቼ ወጣ? እኔ እንዴት ሳልሰማ?"

"እ... ድንገት ነው" አልኩ።

"እትዬ ዓለሚቱ፣ ሰኞ አብረን ሄደን እፈርማለሁ" አለ ጴጥሮስ። የሰጡኝን ቆሎ ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

ግንቦት 22

በቃ፣ ልጻፈው። በጸሎት ቤታችን የእሁድ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ የቅጥሩን ወረቀት እንዲነበብ ልኮልን ነበር። ግንቦት 9 የሰርጉን አነበብኩ፣ የጠፋውን በሬ አነበብኩ... ያንን ዘለልኩት። አጥፌ መዝሙር መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። ትርፊት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ። በታይፕ ትበልጠኛለች፣ ለዚያ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ግንቦት 24፣ ሰኞ

ጴጥሮስ ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ትርፊት በሐዲይኛ አንዲት ቃል ተናገረች። እዚህ አልጽፋትም። ከዚያ፣ "ከጊምቢቹ ስንመለስ እግርሽ አብጦ ማን ደግፎ አመጣሽ?" አለች። ጴጥሮስ ኮቱን አወለቀ።

ብቻዬን አቶ ኃይለመለኮት ዘንድ ሄጄ ለእሳቸውም ተናዘዝኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሥራ ሲያገኝ ዝም ይላል እኮ!" አሉ፣ "እርስዎ"ው ቀርቶ። ቆይተው ግን፣ "ባልተነበበ ማስታወቂያ አልቀጥርም። እሁድ ይነበብ። ፈተናውም እንደገና።"

ግንቦት 30፣ እሁድ

አነበብኩት። የሠራሁትንም ተናገርኩ። እማማ አበራሽ ከኋላ፣ "ጮክ በይ ልጄ፣ አልሰማንም!" አሉ። ደገምኩት። በአንድ ኃጢአት ሁለቴ አፈርኩ።

ሰኔ 10

ሃያ ሦስት ሰው ተፈተነ። ወንበር አልበቃም። ትርፊት ከፊቴ ተቀምጣ አንዴም አልዞረችም። የታይፑ ድምፅ እንደ በረዶ...

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ትርፊት አንደኛ! እኔ ሦስተኛ። ቦታው አንድ።

ግቢው ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። አፌ አምልጦኝ ነው መሰለኝ። ትርፊት ዞር አለች።

"አታፍሪም?"

"አፍራለሁ" አልኩ። እልልታውን ግን አላቆምኩም። ደግሞ ደስ ብሎኛል! ምን ላድርግ?

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "እሁድ እደግሳለሁ። የቡላ አታካና እሠራለሁ፣ ብዙ ቅቤ ይፈልጋል። ቅቤው ካንቺ" አለችኝና ሄደች። እንደ ድሮው እህቴ አላለችኝም። ነይ ግን ተብያለሁ... አይደል?

ነገ ዱራሜ እሄዳለሁ፣ ሌላ ማመልከቻ ይዤ። እስከ ቅዳሜ እመለሳለሁ። እንደ እሁድ ማስታወቂያዬ ልጻፈው፦ ድግሱ እሁድ ሰኔ 21፣ ከጸሎት በኋላ፣ እነትርፊት ቤት። አንድም ሰው እንዳይቀር!