የቅዳሜው በረራሽ ነገር

እህትዓለሜ፣ ከነልጆችሽ እንደምን ሰንብተሻል? ናፍቆቴን ወረቀት ስለማይችለው ስትመጪ አቅፌሽ እነግርሻለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ መጋረጃ ቀይሬያለሁ፣ ጉልበቴም ትንሽ ተሽሎኛል።

ካፒቴኑ ባለቤቴ እንደምታውቂው ነው፤ ሌሎች አብራሪዎች የተዉትን በረራ ሁሉ እየለቀመ ይበራል። የተፈቀደለት የወሩ የበረራ ሰዓት ሲሞላ መሥሪያ ቤቱ ይከለክለዋል። አዲስ ወር ሲጠባ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ይኸው ወርን ከወር አገናኝቶ ያለ ዕረፍት በረረ። «ሕጉ ከፈቀደ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ!

ትናንት ምሳ ላይ ማንኪያውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ። የሚጸልይ መስሎኝ ጠበቅሁት። ከዚያ ብንን ብሎ «ሰው ሁሉ ተሳፈረ?» አለኝ። «አዎ፣ ሾርባው ብቻ ነው የቀረው» ብዬ አሳቅሁት። እሱ ሲስቅ እኔ ሳህኑን መልሼ አስቀመጥሁት።

ዛሬ ደግሞ እየፈነደቀ መጣ። የቅዳሜ በረራሽን ከባልደረባው ተቀብሎ «እህትሽን ራሴ ነኝ የማመጣት!» አለኝ።

እህቴ፣ በአውቶቡስ ብትመጡስ? መንገዱ አዲስ አስፋልት ነው፤ ልጆቹም በመስኮት ከብት እያዩ ይመጣሉ። እሱን «ትንሿ ጆሮዋን ስለሚያማት ነው» በይው። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ እሺ በይኝ። ለሌሎቹ ተሳፋሪዎች ማን እንደሚጽፍላቸው እንጃ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የምድሩንም የሰማዩንም መንገደኛ እሱ ፈጣሪ በደህና ያግባ።

ታላቅ እህትሽ